ለአንድ ቀን መዝናኛ ፓርክ እንዴት ይመረጣል? በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖሩ ወጣቶች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

የብዙ ጓደኛሞች ጉዞ የሚበላሸው ገና ከመነሻው ነው፤ ከሁሉ በፊት ፓርኩን ይመርጣሉ። አንዱ ቲክቶክ ላይ ያየውን ሮለር ኮስተር ግሩፑ ላይ ይለጥፋል፤ ሌላው «እኔ ኦፍ የምሆነው ቅዳሜ ብቻ ነው» ይላል። በመጨረሻ በጁላይ ቅዳሜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የማያልቅ ሰልፍ ላይ ይቆማሉ፤ ከፍታ የሚፈሩት ደግሞ የሌላውን ቦርሳ ታቅፈው አግዳሚ ወንበር ላይ ይውላሉ። ማታ ሲመለሱ የሚታማው ፓርኩ ነው።

ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መጀመሪያ የሚሄዱትን ሰዎች እወቁ፣ ቀጥሎ ቀኑን ቁረጡ፣ ከዚያ መኪናውንና መንገዱን አስሉ። ፓርኩ የሚመረጠው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ምርጫው ራሱን ይናገራል።

ይህ መመሪያ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 25 አካባቢ ለሆኑ፣ በዲሲ ዙሪያ ለሚኖሩና አድረው ሳይሆን ደርሰው ለሚመለሱ ነው። ሰዓቱ ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር የተጻፈ ነው። እናንተም ግሩፑ ላይ ሰዓት ስትጽፉ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ግልጽ አድርጉ። በቅርብ ከአገር ቤት የመጣና እዚህ ያደገ ልጅ «12 ሰዓት እንገናኝ» ሲባሉ የሚረዱት ለየቅል ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ከዝርዝሩ የሚሰረዝ ፓርክ

በሜሪላንድ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ የነበረው ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ ተዘግቷል። የመጨረሻ ቀኑ ኖቬምበር 2 ቀን 2025 ነበር። ቅርብ ስለነበረ አሁንም «እዚያው እንሂድ» የሚል አይጠፋም፤ የቆዩ ጽሑፎችም ኢንተርኔት ላይ እንዳሉ ናቸው። የዚህን ፓርክ ቲኬት እሸጣለሁ የሚል ሰው ከገጠማችሁ ገንዘብ አትላኩ።

ደርሶ መልስ ለመሄድ የሚያመቹ ሦስት ትልልቅ ፓርኮች ይቀራሉ፦ በዶስዌል ቨርጂኒያ ኪንግስ ዶሚኒየን፣ በዊሊያምስበርግ ቨርጂኒያ ቡሽ ጋርደንስ፣ በኸርሺ ፔንሲልቫኒያ ኸርሺ ፓርክ። ምርጫችሁ በእነዚህ መካከል ነው።

ደረጃ 1፦ ሰዎቹን እወቁ

አንድ አስተባባሪ ምረጡ፤ አንድ ብቻ። ሁለት ሰው ሲያስተባብር ሁለቱም ሌላው ያደረገው ይመስላቸዋል።

አስተባባሪው እያንዳንዱን ሰው በግል ይጠይቅ። «ሮለር ኮስተር የሚፈራ ማነው?» ብላችሁ ግሩፕ ላይ አትጻፉ፤ በሰው ፊት እፈራለሁ የሚል አይገኝም፤ እውነቱ የሚወጣው ሰልፉ መሀል ነው። በግል የሚጠየቁት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦

1. የትኛው ላይ ትወጣለህ? መልሱን በሦስት መድቡት፦ ሁሉ ላይ የሚወጣ፣ ቀለል ያለው ላይ ብቻ የሚወጣ፣ ጭራሽ የማይወጣ።
2. በዚህ ወር ኦፍ የምትሆንባቸው ቀናት የትኞቹ ናቸው? ከዚያ ቀን በፊት ባለው ሌሊትስ ትሠራለህ?
3. ቲኬት፣ ምግብና ነዳጅ ተደምሮ ከስንት በላይ መክፈል አትችልም?
4. መንጃ ፈቃድ አለህ? መኪናህ ለረጅም መንገድ ይሆናል? ዕድሜህ ስንት ነው?
5. ጾም፣ ሐላል ወይም የምግብ አለርጂ አለብህ? የልብ፣ የአንገት፣ የጀርባ ችግር ወይም በቅርብ የተደረገ ቀዶ ሕክምና አለ?

የአምስተኛውን ጥያቄ መልስ አስተባባሪው ለራሱ ይያዝ። እርግዝናም እዚህ ውስጥ ይገባል፤ ሴት አስተባባሪ ወይም የምታምናት ጓደኛ ብትጠይቃት ይሻላል። ነፍሰ ጡር ሴት፣ የልብ ሕመምተኛና አንገቱን የተጎዳ ሰው ፈጣን ሮለር ኮስተሮች ላይ መውጣት የለባቸውም፤ ማስጠንቀቂያው በየመግቢያው ተለጥፏል። ከሄዱ በኋላ ሲያነቡት ግን ለቲኬት የወጣው ገንዘብ አይመለስም።

መልሶቹን አንድ ወረቀት ላይ ጻፏቸውና ሦስቱን ምድብ ቁጠሩ። ጭራሽ የማይወጡት ከቡድኑ ሲሶ ከደረሱ፣ ሮለር ኮስተር ብቻ ያለው ፓርክ ለእናንተ አይሆንም። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ደግሞ ብቻውን እንዳይቀር ቀለል ያለው ላይ ብቻ ከሚወጡት መካከል አብሮት የሚሆን ሰው ከአሁኑ ተነጋግራችሁ መድቡለት።

ይህ ደረጃ ሲበላሽ፦ መልስ የማይሰጡ ሰዎች ይኖራሉ። ሁለት ቀን ስጧቸው። ከዚያ በኋላ በመለሱት ሰዎች ቁጥር እቅዳችሁን ቀጥሉ። ዘግይቶ የመጣ ሰው ቦታ ካለ ይቀላቀል፤ ቀኑ ግን ለእሱ ሲባል አይቀየር።

ደረጃ 2፦ ቀኑን ቁረጡ

ለቀኑ ደስታ ከፓርኩ ስም ይልቅ ቀኑ ይወስናል። ያው ፓርክ ማክሰኞና ቅዳሜ ሁለት የተለያየ ቦታ ነው።

መጀመሪያ የሦስቱንም ፓርኮች የመክፈቻ ቀን መቁጠሪያ ክፈቱ። በፀደይና በመጸው ብዙዎቹ በሳምንቱ መሀል አይከፈቱም፤ በኦገስት መጨረሻ ደግሞ ትምህርት ቤቶች ሲጀምሩ የሥራ ቀናቸውን ይቀንሳሉ። «ክፍት ነው ብዬ ነበር» ተብሎ ዶስዌል ድረስ ተነድቶ በር ላይ የተመለሰ ሰው ያጋጥማል። የመዝጊያውንም ሰዓት እዩ፤ 6 ሰዓት የሚዘጋ ቀንና 10 ሰዓት የሚዘጋ ቀን ዋጋቸው ተቀራራቢ ሊሆን ይችላል፤ ውሏችሁ ግን አይገናኝም።

ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ምረጡ፦

1. ማክሰኞ፣ ረቡዕ ወይም ሐሙስ፣ ከጁን አጋማሽ እስከ ኦገስት አጋማሽ።
2. ሰኞ ወይም ዓርብ። ዓርብ ሲመለሱ መንገዱ እንደሚጨናነቅ አስቡ።
3. እሑድ፤ ቤተ ክርስቲያን የሚቀር ከሌለ።
4. ቅዳሜ፤ ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ብቻ።

የጁላይ 4 ሳምንት፣ የሜሞሪያል ደይና የሌበር ደይ ቅዳሜና እሑድን ዝለሉ። በሜይና በጁን መጀመሪያ በሳምንቱ መሀል የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ተደርድረው ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ባዶ ይሆናል ብላችሁ እንዳትሞኙ። በኦክቶበር ቅዳሜ ማታዎች ለሃሎዊን የሚመጣው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ፍላጎታችሁ ሮለር ኮስተር ከሆነ ያን ጊዜ አትሂዱ።

ጾም ያለበት ሰው ካለ

የፓርኮቹ ሙሉ ወቅት ከጾመ ፍልሰታ ጋር ይገናኛል፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ በፈረንጆቹ ከኦገስት 7 እስከ 21። የሰኔ ጾምም ሐምሌ 5 ቀን፣ ማለትም ጁላይ 12፣ እስኪፈታ ድረስ ይዘልቃል። ረቡዕና ዓርብ አሉ። ከሥጋና ከወተት ብቻ ለሚጾም ሰው ምግብ ይዞ መሄድ ይበቃል። በፍልሰታ ቅዳሴ እስኪወጣ ውኃም የማይቀምስ ሰው ካላችሁ ግን እነዚያን ቀናት ተዉአቸው። በቨርጂኒያ የኦገስት ሙቀት ውኃ ሳይጠጡ ፀሐይ ላይ መቆምና በዚያ ላይ በከፍተኛ ፍጥነት መወርወር ራስን ያስታል። ከጁላይ 13 እስከ ኦገስት 6 ያለው ጊዜ ከረቡዕና ከዓርብ በስተቀር ከጾም ነጻ ነው። ብዙ ጾመኛ ያለበት ቡድን በዚህ መሀል ካሉት ማክሰኞዎችና ሐሙሶች አንዱን ይያዝ።

ሌሊት ሠርቶ የሚወጣ ሰው

የሌሊት ፈረቃ ጨርሶ በቀጥታ መኪና የሚነዳ ሰው አይኑር። ከኋላ ተኝቶ ይሂድ፤ መሪው ለሌላ ይሰጥ። የሚነዳ ሌላ ሰው ከሌለ ቀኑ ይቀየር። በዚህ ላይ ድርድር አታድርጉ።

ደረጃ 3፦ መኪናውንና መንገዱን አስሉ

እያንዳንዱ መኪና ሁለት ነጂ ይኑረው። ሲሄዱ ሁሉም ንቁ ነው፤ ሲመለሱ ፀሐይ የመታውና የደከመው ሁሉ ይተኛል።

መኪና ለመከራየት ካሰባችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ። አብዛኞቹ አከራዮች ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አያከራዩም፤ ከ21 እስከ 24 ላለው ደግሞ በቀን ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃሉ። ይህ ተጨማሪ የሚወጣው መጨረሻ ገጽ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ ባያችሁት ዋጋ አትዋጡ። በቡድኑ ውስጥ 25 የሞላው ሰው ካለ በእሱ ስም ይሁን፤ የሚነዳውም እሱ ይሁን። ውሉ ላይ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ነድቶ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ ላይከፍል ይችላል።

ርቀቱ ከመሀል ዲሲ ሲለካ ኪንግስ ዶሚኒየን 75 ማይል፣ ኸርሺ ፓርክ 120 ማይል፣ ቡሽ ጋርደንስ 150 ማይል ያህል ነው። ነገር ግን በማይል ብቻ አትፍረዱ። ወደ ደቡብ የሚወስደው አይ 95፣ በተለይ እስከ ፍሬድሪክስበርግ ያለው፣ በበጋ ቅዳሜ ጠዋትና ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሚቆም መንገድ ነው። በአንድ ሰዓት ከሩብ የሚያልቀው የኪንግስ ዶሚኒየን መንገድ እጥፍ ሊወስድባችሁ ይችላል። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖሩ ከሆነ ቅዳሜ ቀን ኸርሺ በሰዓት ሊቀርባችሁ ይችላል፤ ፖቶማክን ሳትሻገሩ ወደ ሰሜን ትወጣላችሁ። አሌክሳንድሪያ ወይም ውድብሪጅ ላላችሁ ግን ኪንግስ ዶሚኒየን ደጃችሁ ነው።

በአይ 95 የምትሄዱ ከሆነ ኢዚ ፓስ ፍሌክስ (መኪና ውስጥ የሚቀመጥ የመንገድ ክፍያ መሣሪያ) ያለው ሰው ፈልጉ። ሦስት ሰውና ከዚያ በላይ ይዛችሁ መሣሪያውን በኤችኦቪ (ብዙ ሰው የጫነ መኪና) ላይ ካደረጋችሁት እስከ ፍሬድሪክስበርግ ባለው የኤክስፕረስ መስመር ያለ ክፍያ ትሄዳላችሁ። ተራው ኢዚ ፓስ ይህን አያደርግም፤ ያስከፍላችኋል። የመስመሩ አቅጣጫ በሰዓት ስለሚገለበጥ በምትሄዱበት ሰዓት ወደ ደቡብ ክፍት መሆኑን ከመነሳታችሁ በፊት እዩ።

መኪና ጭራሽ ከሌላችሁ፦ ባቡር ዊሊያምስበርግ ድረስ ይሄዳል፤ ከጣቢያው እስከ ቡሽ ጋርደንስ ያለውን ጥቂት ማይል በኡበር ትጨርሳላችሁ። የመመለሻውን ባቡር ሰዓት ሳታዩ ግን አትቁረጡ፤ ፓርኩ ሳይዘጋ እንድትወጡ ሊያስገድዳችሁ ይችላል።

ደረጃ 4፦ አሁን ፓርኩን ምረጡ

ወረቀታችሁን አውጡ። የሰዎቹን ምድብ፣ ቀኑንና መንገዱን ይዛችሁ ከታች ካሉት ጋር አገናኙ።

ኪንግስ ዶሚኒየን፦ አብዛኛው ሰው ሁሉ ላይ የሚወጣ ከሆነ

ለደፋር ቡድን ይህን እመርጣለሁ። ቅርብ ነው፤ ፈጣኖቹም እዚህ ናቸው። ፓንተሪያን (ቀድሞ ኢንቲሚዴተር 305 ይባል የነበረው) 305 ጫማ ማለትም 93 ሜትር ከፍታ አለው፤ በሰዓት 90 ማይል ይበራል። ከመጀመሪያው ቁልቁለት በኋላ ያለው ኩርባ ደም ከጭንቅላት ስለሚያሸሽ ለቅጽበት ዓይን ያጨልማል። ሳትበሉና ውኃ ሳትጠጡ አትውጡበት፤ በተከታታይ ሁለት ጊዜም አትውጡበት። በ2018 የተከፈተው ትዊስትድ ቲምበርስና በ2025 የተከፈተው ራፕቴራ ከእሱ ቀጥሎ ሰልፍ የሚይዝባቸው ናቸው።

ሶክ ሲቲ የተባለው የውኃ መናፈሻ በመግቢያው ቲኬት ውስጥ ስለሚካተት ለሞቃት ቀን ጥሩ ነው። የውኃው ክፍል የሚሠራው በበጋ ብቻ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ከፓርኩ ቀድሞ ይዘጋል።

ድክመቱ፦ ለማይወጣ ሰው የሚሠራው ትንሽ ነው። ዋና የማይወድና ከፍታ የሚፈራ ሰው እዚህ አምስት ሰዓት መቆየት ይከብደዋል።

ታናናሾቻችሁን ልትወስዱ ካሰባችሁ ደግሞ አንድ ደንብ ልብ በሉ። ኪንግስ ዶሚኒየን ከ4 ሰዓት በኋላ 15 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ዕድሜው ቢያንስ 21 ከሆነ ሰው ጋር እንዲሆን የሚጠይቅ ደንብ አውጥቷል። ሁላችሁም 19 እና 20 ከሆናችሁ የእህታችሁን ልጅ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። በምትሄዱበት ሳምንት ደንቡን ከፓርኩ ገጽ ላይ አረጋግጡ፤ መታወቂያ ሳትይዙም አትውጡ።

ቡሽ ጋርደንስ፦ ቡድኑ የተቀላቀለ ከሆነ

የሚወጣና የማይወጣ ሰው እኩል ከሆነ መንገዱ ይርዘም እንጂ ወደዚህ ሂዱ። ፓርኩ በአውሮፓ አገሮች መንደር አምሳል በየክፍሉ የተሠራ ነው። ዛፉ ብዙ ነው፤ ትርኢት አለ፤ ባቡሩና በገመድ የሚሄደው ስካይ ራይድ የማይወጣውን ሰው ያዝናኑታል። ደፋሮቹም አይጎዱም፦ ግሪፎን 205 ጫማ ላይ ወስዶ አፋፉ ላይ አንጠልጥሎ ካቆያችሁ በኋላ በቀጥታ ወደ ታች ይለቃችኋል፤ በ2022 የተከፈተው ፓንቲዮን በሰዓት 73 ማይል ይሄዳል፤ አፖሎስ ቻሪየትና አልፐንጋይስት ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሰልፍ አላጡም። ደረጃ በደረጃ መልመድ የሚፈልግ ሰው ካለ በ1978 የተሠራው ሎክ ነስ ሞንስተር ይጀምርለት።

ተጠንቀቁ፦ በአቅራቢያው ያለው የውኃ መናፈሻ፣ ዋተር ካንትሪ ዩኤስኤ፣ ሌላ ፓርክ ነው፤ ሌላ ቲኬት አለው። የዋና ልብስ ይዞ መጥቶ እዚህ የሚደናገጥ ሰው ብዙ ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን ደርሶ መልስ አትሞክሩ።

ከዲሲ ከጠዋቱ 6 ሰዓት በኋላ የሚነሳ ቡድንም ይህን አይምረጥ። ግማሹ ቀን መንገድ ላይ ያልቃል።

ኸርሺ ፓርክ፦ ሁሉም ትንሽ ትንሽ የሚፈልግ ከሆነ

ከ70 በላይ ጨዋታ አለው፤ ከኃይለኛው እስከ ለስላሳው። ካንዲሞኒየም (በ2020 የተከፈተ፣ 210 ጫማ፣ በሰዓት 76 ማይል) ረጅም ቢሆንም ስለማይገለብጥ መካከለኛ ድፍረት ላለው ሰው ይሆናል። ስካይረሽ ግን ለመካከለኛ ሰው አይሆንም፤ ከወንበር እየነጠቀ ነው የሚሄደው። ፋረንሃይት በ97 ዲግሪ ነው የሚወርደው፤ ማለትም ቁልቁለቱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። በ1946 የተሠራው የእንጨት ኮሜት ለጀማሪ ጥሩ መለማመጃ ነው። ቦርድዎክ የተባለው የውኃ ክፍል በቲኬቱ ውስጥ ነው፤ አጠገቡ ያለው የቸኮሌት ማዕከል፣ ቸኮሌት ወርልድ፣ ለመግባት አያስከፍልም፤ ለማይወጣ ሰውም ማረፊያ ነው።

አሁንም ካልተስማማችሁ

ድምፅ አትስጡ። አምስት ለአራት የተሸነፈው ቡድን ቀኑን ሙሉ ያኮርፋል። ይልቅ የሦስቱን ፓርኮች የጨዋታ ዝርዝር ክፈቱና እያንዳንዱ ሰው በየፓርኩ በእርግጥ የሚወጣባቸውን ይቁጠር። ከሁሉ ዝቅተኛው ሰው ቁጥር ከፍ የሚልበት ፓርክ ይመረጥ። ደፋሩ ሰው የትም ቢሄድ የሚወጣበት አያጣም፤ የሚጎዳው ፈሪው ነው።

ደረጃ 5፦ ጠቅላላ ወጪውን አስልታችሁ ገንዘቡን ሰብስቡ

ቲኬቱ የወጪው ግማሽ እንጂ ሙሉው አይደለም። ለአንድ ሰው የሚደርሰውን እንዲህ ደምሩ፦ ቲኬት ከነታክሱና ከነአገልግሎት ክፍያው፣ የፓርኪንግ ድርሻ፣ የነዳጅና የመንገድ ክፍያ ድርሻ፣ አንድ ምግብ፣ ውኃና የሎከር ድርሻ። ፓርኪንግ በሦስቱም ፓርኮች ለብቻው ይከፈላል፤ ስለዚህ በሁለት መኪና የሚያልቀውን በሦስት አትሂዱ።

ቲኬት በር ላይ አትግዙ፤ ኦንላይን ብዙውን ጊዜ ይረክሳል። በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ የመሄድ ሐሳብ ካላችሁ የዓመቱን ፓስ ዋጋ ከሁለት ቀን ቲኬት ጋር አወዳድሩ፤ ፓርኪንግ የሚያካትት ፓስ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ሰልፍ የሚያሳጥረውን ተጨማሪ ቲኬት (በኪንግስ ዶሚኒየን ፋስት ሌን፣ በቡሽ ጋርደንስ ክዊክ ኪው፣ በኸርሺ ፋስት ትራክ ይባላል) በሳምንቱ መሀል አትግዙ። ለቅዳሜ ከተገደዳችሁ ብቻ አስቡት። ግማሹ ገዝቶ ግማሹ ካልገዛ ግን ቡድኑ በር ላይ ይበተናል፤ ወይ ሁላችሁ፣ ወይ ማናችሁም።

ገንዘቡ በዜል ለአስተባባሪው ይግባ፤ የመጨረሻ ቀን ይኑረው። ያልከፈለ ሰው ቲኬት አይገዛለት። «እመጣለሁ፣ አለሁ» ክፍያ አይደለም። አስተባባሪውን ከኪሱ አታስከፍሉት፤ ጓደኝነት የሚሻክረው እዚህ ላይ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ቲኬቱ ለአንድ ቀን ብቻ የሚሠራ መሆኑን፣ ቀን መቀየር ይቻል እንደሆነና ዝናብ ቢጥል ምን እንደሚደረግ አንብቡ። በዝናብ ምክንያት ገንዘብ መመለስ የተለመደ አይደለም።

ደረጃ 6፦ ዋዜማው

የፓርኩን አፕ አውርዱ፤ ቲኬቶቹን በየሰው ስልክ ላይ አስቀምጡ፤ ፎቶም አንሱላቸው። የተዘጉ ጨዋታዎችን ዝርዝር እዩ። የመጣችሁለት ዋናው ሮለር ኮስተር ለጥገና ከተዘጋና ቀን መቀየር ከተቻለ ቀይሩ።

ወደ ውስጥ የሚገባውን ምግብ ደንብ አንብቡ፤ ከፓርክ ፓርክ ይለያያል። አስተማማኙ መንገድ ምሳውን መኪና ውስጥ በበረዶ ሳጥን ማስቀመጥና እጅ ላይ ማህተም አስመትቶ ወጥቶ መብላት ነው። የጾም ፍርፍር፣ በእንጀራ የተጠቀለለ ሽሮ፣ ዳቦ፣ ቆሎና ሙዝ ይበቃል። ክትፎና ቅቤ የበዛበት ነገር ለማታ ይቆይ፤ ሆድ ከብዶት የወጣ ሰው ያስመልሳል።

ልብስን በተመለከተ፦ የተዘጋ ጫማ ወይም ማሰሪያ ያለው ሳንዳል፤ ረጅም ቀሚስና ሰፊ ነጠላ አይሆንም። ሒጃብ ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቶ በደንብ ይታሰር። የአንገት መስቀልና ሐብል ልብስ ውስጥ ይግባ። መነጽር ማሰሪያ ይኑረው። ጸጉር ይጠፈር ወይም ይታሰር። ባትሪ መሙያ፣ የፀሐይ ክሬም፣ ቅያሪ ካልሲ ያዙ። ካርድ ያዙ፤ ጥሬ ገንዘብ የማይቀበል መስኮት ብዙ ነው።

ደረጃ 7፦ ፓርኩ ውስጥ

1. በሩ ከመከፈቱ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። ቀኑን ሙሉ አጭሩ ሰልፍ የመጀመሪያው ሰዓት ላይ ነው።
2. መኪናው የቆመበትን የረድፍ ቁጥር ፎቶ አንሱ።
3. መገናኛ ቦታና ሰዓት ወስኑ። በኪንግስ ዶሚኒየን ከየትም የሚታየው የአይፍል ታወር አምሳያ ሥር ይመቻል።
4. በር ላይ ላለው የመጀመሪያ ጨዋታ አትሰለፉ፤ ሰው ሁሉ እዚያ ነው የሚቆመው። በጣም ወደምትፈልጉት ሂዱ፤ ቀጥሎ ሁለተኛው፤ ቀጥሎ ሦስተኛው።
5. ምሳ በ11 ሰዓት ወይም ከ2 ሰዓት በኋላ ብሉ።
6. ፀሐይ ሲበረታ ወደ ውኃው፣ ወደ ትርኢቱ ወይም ወደ ጥላው። ከበላችሁ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል በሚገለብጥ ነገር ላይ አትውጡ።
7. መጨረሻው ሰዓት ላይ እንደገና ወደ ትልልቆቹ ተመለሱ። ከመዝጊያው በፊት ሰልፍ የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይሳፈራል።

ረጅም ወይም ወፍራም ሰው ካለ መግቢያው አጠገብ የሙከራ ወንበር መኖሩን ይይ፤ ሰልፍ ጨርሶ መያዣው አልዘጋ ብሎ ከመመለስ ያድናል። አብረውት ያሉት ዝም ብለው ይጠብቁት፤ አይቀለድበትም።

ችግር ሲፈጠር

መብረቅ ከመጣ፦ በጁላይና በኦገስት ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የተለመደ ነው፤ ያን ጊዜ ከፍ ያሉት ጨዋታዎች ይቆማሉ። ወዲያው ወደ ቤት አትሩጡ። ሰው ሁሉ ሲወጣ እናንተ ጥላ ፈልጋችሁ አንድ ሰዓት ጠብቁ። ሰማዩ ሲጠራ ሰልፉ ባዶ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ዝናብ ብቻ ከሆነ በኪንግስ ዶሚኒየን ፍላይት ኦፍ ፊር፣ በቡሽ ጋርደንስ ዳርኮስተር ቤት ውስጥ ስለሆኑ እዚያ ሂዱ።

ሰልፍ ላይ የፈራ ሰው ካለ፦ አትገፋፉት። ለመሳፈር ሲደርስ ለሠራተኛው «አልወጣም» ይበል፤ መውጫ ያሳዩታል። ሁልጊዜ የሚደረግ ነገር ነው።

ያጥወለወለው ሰው ካለ፦ ጥላ ላይ ተቀምጦ ውኃ በትንሽ በትንሹ ይጠጣ፤ ደረቅ ብስኩት ይብላ፤ ለአንድ ሰዓት ምንም ላይ አይውጣ። ራስ ምታቱ ከበረታ፣ ላቡ ከቆመ ወይም ንግግሩ ከተዘበራረቀ ሙቀት መትቶታል፤ ወዲያው ቅርብ ያለውን ሠራተኛ ጠርታችሁ ወደ ፓርኩ የሕክምና ጣቢያ ውሰዱት።

ስልክ ከወደቀ፦ አጥር ዘላችሁ አትግቡ። ከሮለር ኮስተር ሥር የተከለለው ቦታ ሰው የሚገድል ነው። ለሠራተኛ ተናገሩ፤ የጠፋ ዕቃ ክፍል አስመዝግቡ፤ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ፓርኩ ሲዘጋ ስለሆነ የሌላ ሰው ስልክ ቁጥር ተዉ።

ቡድኑ ከተለያየ፦ ማንም ብቻውን አይሂድ፤ ቢያንስ ሁለት ሁለት ሁኑ። በተባለው ሰዓት መገናኛው ላይ ተገኙ። ስልኩ የሞተበት ሰው እዚያው ሄዶ ይቁም።

ወደ መኪናው ስትመለሱ፦ አልኮል የቀመሰ ሰው ቁልፍ አይያዝ። ሁለተኛው ነጂ ይረከብ፤ ከፊት አጠገቡ የሚቀመጠውም ነቅቶ ያጫውተው። ሁለቱም ከደከሙ ብርሃን ያለበት ማደያ ላይ ቆማችሁ ሃያ ደቂቃ ተኙ፤ ቤት ለሚጠብቋችሁም እንደምትዘገዩ ደውሉ።